5/11/1990

ብልባላ ገበያ ዳር ማመልከቻ እጽፋለሁ። የጡረታና የጉዳት ካሳ ጉዳይ ሲመጣልኝ ከሁሉ በፊት የምፈልገው ቀኑን ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ አባት ምርኩዛቸውን ደገፍ አድርገው ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ውስጡ አራት ቦታ የታጠፈ የሆስፒታል ወረቀት አለ፤ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። «የገቡበት ቀን 5/11/1990» ይላል። እሳቸው ግን ከሠራዊቱ የተበተኑት በ1983 ነው። የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ያን ዓመት ሲቋቋም፣ እሳቸው አገራቸው ገብተው ተኝተው ነበር። ኋላ ወረቀታቸውን ያየው ባለሙያ ቀኑን ሐምሌ 5 ቀን 1990 ብሎ አነበበና «ከተሰናበቱ ከሰባት ዓመት በኋላ የደረሰ ጉዳት ነው» ብሎ መለሳቸው።

«ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ አይደል እንዴ፣ ጾም የሚፈታበት? እኔ የተመታሁት በጽጌ ነው ልጄ» አሉኝ።

ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዙሬ ማኅተሙን አየሁት። ዙሪያውን «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ይላል። አገራችን በዚህ ስም የተጠራችው ከ1980 እስከ 1983 ብቻ ነው። ሐኪሙ የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል፤ በእኛ ጥቅምት 26 ቀን 1983፣ ጽጌ ውስጥ! ብዙ ሐኪሞች ዛሬም እንዲሁ ይጽፋሉ፤ ምነው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ቢጨምሩበት።

ጉዳቱ ቢታመንላቸውስ ክፍያው ከመቼ ይታሰብ? ዓመታት ተመላልሰዋል፤ ግን በቃል ነው። መዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ ቀን የላቸውም። አሜሪካ ውስጥ የቆሰለ ወታደር በተሰናበተ በዓመቱ ውስጥ ካመለከተ፣ ካሳው ከተሰናበተበት ማግስት ሊታሰብለት ይችላል። ከዘገየ ግን ባብዛኛው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ወዲህ ነው። «ላመለክት አስቤያለሁ» ብሎ ማስታወቁ እንኳ ያን ቀን ለአንድ ዓመት ይዞ ያቆይለታል። ይህ ለእኛም ሽማግሌዎች በተገባ ነበር። ከላስታ ተራራ በአንድ እግር የወረደ ሰው የመጣበት ቀን ሳይጻፍለት መመለሱ ያንገበግበኛል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፍኩ፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አሰፈርኩ። «አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳያስጽፉ እንዳይወጡ» አልኳቸው።

በሳምንቱ መጡ። ቅጂው ላይ ሐምራዊ ማኅተም፣ ከሥሩ በእስክሪብቶ የገባበት ቀን። ካሳዩኝ በኋላ ከአሮጌው ወረቀት ጋር ፌስታሉ ውስጥ መለሱት።