ጦጣ፣ አባ ኮዳ እና የሰው ፍርፋሪ

በሶደሬ ሙዝ ይዞ በሰላም መቀመጥ ይከብዳል። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር በሚገኘው በዚህ የፍል ውኃ መዝናኛ ጦጣዎቹ ግብዣ አይጠብቁም። ከዛፍ ወርደው ከጠረጴዛ ያነሣሉ፤ ሲብስም ከሕፃን እጅ ይነጥቃሉ። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ያስተማራቸው እንግዳው ራሱ ነው፤ አንዱ ዳቦ ይወረውራል፣ ሌላው ፎቶ ያነሣል፣ የተነጠቀው ይጮኻል፣ የቀረው ይስቃል።

የዱር እንስሳትን መመገብ በሕግ ይከልከል የሚሉ ወገኖች ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነው። ጦጣ ፍሬ፣ ቅጠልና ነፍሳት ስትለቅም የምትውል እንስሳ ናት። ያለ ድካም የምታገኘው ዳቦ ሰውን መፍራት ያስረሳታል፤ የለመደችውን ስታጣ ደግሞ ትቆጣለች፣ ትነክሳለችም። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገር ትንሽ ንክሻም ሐኪም ቤት ያስሮጣል። ሲንጋፖር ጉዳዩን በሕግ ቆርጣዋለች፦ ከ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የዱር እንስሳ የመገበ ሰው በመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 5,000 የሲንጋፖር ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ክልከላውን የማይወዱትም መልስ አያጡም። ሐረርን ይጠቅሳሉ፤ እዚያ ጅብ ሥጋ ሲጎርስ ለማየት ከባሕር ማዶ ጭምር እንግዳ ይመጣል፣ የአስጎብኚውም የጅብ መጋቢውም እንጀራ ነው። ቢሆንም ለጅብ ሲያበላ የኖረ ሰው ሙያና ለጦጣ ብስኩት የሚወረውር የቅዳሜ እንግዳ ጨዋታ አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ አይደሉም።

ነገሩ የሚወሳሰበው ባቱ ሲደርሱ ነው። በቀድሞ ስሟ ዝዋይ በምትባለው በዚህች ከተማ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛቸውን ሲከፍቱ ሆድ ዕቃው እዚያው ይጣላል። ዙሪያውን የከበቡት አባ ኮዳዎች፣ መላጣ ራሳቸውንና ከአንገታቸው የተንጠለጠለውን ከረጢት ይዘው፣ ድርሻውን እንደሚጠብቅ ባለ ርስት ይንጎራደዳሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደልም ትርኢቱ ያው ነው። እዚህ መጋቢው ማነው? ማንም ወፍ ልመግብ ብሎ አልመጣም፤ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ወፉ ትራፊውን ያነሣል። አባ ኮዳ በተፈጥሮው ጥንብ አንሺ በመሆኑም ዳርቻውን ያጸዳል። ጎብኚን የሚቀጣ ሕግ የዓሣውን አንጀት አያነሣውም።

የሰው ትራፊ ድንገት ሲጎድል ምን እንደሚፈጠር ከትግራይ የመጣ ጥናት ያሳያል። ጥናቱ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምረዋል። በዐቢይ ጾም ሉካንዳ ተዘግቶ አጥንትና ትራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ ወደ አህያ ዞረዋል፤ የአህያ ፀጉር ድርሻ ከ14.8 በመቶ ወደ 33.1 በመቶ አሻቅቦ ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወርዷል። ሰው ሲጾም ዋጋውን አህያው ከፈለ ማለት ነው።

በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክም ድቦች ለአሥርት ዓመታት ከቆሻሻ መጣያ ሲበሉ ኖረዋል። መጣያዎቹ በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፍጥነት ሲዘጉ፣ ቀስ በቀስ ይሁን ያሉት ወንድማማቾቹ ተመራማሪዎች ጆንና ፍራንክ ክሬይግሄድ ሰሚ አላገኙም። የለመዱት ድቦች ወደ ድንኳንና ወደ መንደር ወረዱ፤ ብዙዎቹም ተገደሉ።

ስለዚህ ሶደሬ ላይ ክልከላው ነገ ቢጀመር የሚጎዳ የለም፤ ክዳን ያለው የቆሻሻ ገንዳና ፈርጠም ያለ ጥበቃ ይበቃዋል። ባቱ ላይ ግን መጀመሪያ የዓሣው ትራፊ የት ይሂድ የሚለው መመለስ አለበት፤ ለእንስሳት መኖ ሊውል ይችላል፣ ወፎቹም እንዲላመዱ ለውጡ በዝግታ ቢመጣ ይሻላል።

ሕግ አርቃቂዎች አንድ በር ክፍት መተው ይኖርባቸዋል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ ያለቁት ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች የተጀመረው ዘመቻ ክትባቱን የሚሰጣቸው በፍየል ሥጋ ማባበያ ውስጥ ደብቆ ነው፤ «ለዱር እንስሳ ማንኛውንም ምግብ መስጠት ክልክል ነው» ብሎ የሚደመድም አንቀጽ ይህንን ሥጋም ይከለክላል።