የአፍ ላይከን ፕላነስ እና የሚቀቡ መድኃኒቶቹ

የአፍ ላይከን ፕላነስ የሰውነት መከላከያ ሴሎች የአፍን የውስጥ ሽፋን ሲያጠቁ የሚመጣ ሥር የሰደደ ብግነት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይበልጥ የሚታየውም ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ነው። በጉንጭ ውስጥ እንደ መረብ የተጠላለፉ ነጭ መስመሮች ብቻ ኖረው ሕመም ከሌለ ክትትል ይበቃል። መድኃኒት የሚያሻው ሽፋኑ ተልጦ ወይም ቆስሎ በርበሬና ሚጥሚጣ ሲነካው የሚያቃጥለው ዓይነት ነው።

ቀዳሚው ምርጫ የሚቀባ ስቴሮይድ ነው። ትሪያምሲኖሎን 0.1 በመቶ መካከለኛ ኃይል ሲኖረው፣ ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ እጅግ ብርቱ ነው። ቁስሉ በብዙ ቦታ ከተበተነ በዴክሳሜታሶን ፈሳሽ መጉመጥመጥ ይሻላል፤ ፈሳሹ ይተፋል እንጂ አይዋጥም።

ብዙ ጊዜ ሕክምናው አልሠራ የሚለው መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ምራቅ ቶሎ ስለሚያጥበው ነው። ስለዚህ ኃይሉን ከመጨመር በፊት አቀባቡን ማየት ይገባል። ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ቁስሉ በንጹሕ ጋዝ ይደርቅና ጥቂት ቅባት በጣት ጫፍ ይደረግበታል። አፍ ላይ እንዲጣበቅ የተዘጋጀው የትሪያምሲኖሎን ቅባት ሲታሽ አሸዋማ ሆኖ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ ሳያሹ መለጠፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አይበላም፣ አይጠጣም። ድድ ሲቆስል ደግሞ ቅባቱ በታማሚው ጥርስ ልክ በተሠራ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ይጠለቃል።

ስቴሮይድ ሲሰነብት የካንዲዳ ፈንገስ ሊያስከትል ይችላል። ማቃጠሉ በድንገት ከባሰ መጠኑን ከመጨመር በፊት ፈንገስ መኖሩን ማጣራት፣ ካለም በኒስታቲን ማከም ያስፈልጋል።

ስቴሮይድ አልበጅ ሲል የሚሞከረው ለችፌ የተሠራው የታክሮሊመስ 0.1 በመቶ ቅባት ነው። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፤ ሲቆምም ቁስሉ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከካንሰር ጋር ሊያያዝ ይችላል በሚል ስጋትም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2006 እ.ኤ.አ. በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አድርጓል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማም ታክሮሊመስ ከስቴሮይድ እንደሚበልጥ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም። በመሆኑም ታክሮሊመስ ሁለተኛ ተራውን መጠበቅ ይኖርበታል። ሌላው አማራጭ ሳይክሎስፖሪን ውድ ከመሆኑም በላይ ጣዕሙ ስለሚያስቸግር እምብዛም አይታዘዝም።

አንዳቸውም በሽታውን ከሥሩ አይነቅሉትም። ከመቶ ታማሚዎች አንድ ያህሉ ከጊዜ በኋላ የአፍ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላልና ሕመሙ ቢጠፋም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ አፍን ማስመርመር ያስፈልጋል፤ የጠጠረ ወይም አልድን ያለ ቁስል ካለም ሳይውል ሳያድር ናሙና ይወሰድለት።