ሆድ የሌለው ክራር

በአገራችን ክራርን የማያውቅ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። በሠርግ ቤት፣ በጠጅ ቤት፣ በሬዲዮም ሰምተነዋል። ጊታርንም በሬዲዮ ያልሰማ የለም፤ አሠራሩን ቀርቦ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ጊታር በሰው እጅ እንዴት እንደሚሠራና ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንመለከታለን። ነገሩን የምናውቀው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አራት ሆነን ለገጣፎ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ አንድ ጊታርና አንድ ቤዝ በገዛ እጃችን ለመሥራት ተነሥተን ነበር። ያበላሸነውም ከሠራነው አያንስም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ገበሬ የጀመርነውን ጊታር አንሥተው አገላብጠው አዩት። በጣታቸውም መታ መታ አደረጉት። «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ሆድ የለውም! ሆድ የሌለው ክራር ድምፁን ከየት ያመጣዋል?» አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መልሱን ከዚያው እንጀምራለን።

በመጀመሪያ ክራርን እንይ። ከታች ከእንጨት የተፈለፈለ ገበቴ ወይም የብረት ሳህን አለ። በላዩ ላይ ቆዳ ይወጠርበታል። ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ይወጣሉ፤ ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያገናኛቸው አግዳሚ እንጨት እንደ በገናው ሁሉ ቀንበር ይባላል። ብዙውን ጊዜ ስድስት ክሮች ከቀንበሩ ወደ ገበቴው ይወርዳሉ። ክሩ ሲመታ ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን ክር ቀጭን ነው፤ ብቻውን ብዙ አየር ሊገፋ አይችልም። በሁለት ምስማሮች መካከል ክር ወጥራችሁ ብትመቱት ድምፁ ትንኝ የምታክል ነው። በክራር ላይ ግን መንቀጥቀጡ ወደ ቆዳው ይተላለፋል፤ ሰፊው ቆዳ አየሩን ይገፋል፤ ሆዱም ድምፁን ያጎላዋል። እንግዲህ የክራር ሆድ ማለት ድምፅ ማጉያ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ማጉያውን ከውጭ ያመጣል። ስለዚህ ሆድ አያስፈልገውም፤ ድፍን እንጨት ይበቃዋል። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ትንሽ ዕቃ ይቀመጣል። ፒክአፕ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ከራስ ፀጉር የሚቀጥን ሲሆን ብዙ ሺህ ጊዜ ይጠመጠማል። የጊታሩ ክር ብረት ነው። ብረቱ በማግኔቱ አጠገብ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን ኃይል ያወዛውዘዋል፤ በዚህን ጊዜ በመዳቡ ሽቦ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ክሩ በሴኮንድ 82 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ኤሌክትሪኩም 82 ጊዜ ይመላለሳል። ይህች ደካማ ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ አምፕሊፋየር ትሄዳለች፤ አምፕሊፋየሩ ያበረታታል፤ እስፒከሩም መልሶ ድምፅ ያደርጋታል።

ማግኔትና ሽቦ ሲወዛወዙ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ያሳየው ማይክል ፋራዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ዘመኑም 1831 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ፋራዴይ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። የብስክሌት መብራት ዲናሞም በዚሁ ሕግ ይሠራል። የቆቃ ግድብ ውኃ እየወረደ የሚያዞረውም ትልቅ መሣሪያ የጊታሩ ፒክአፕ ታላቅ ወንድም ነው።

የቀጥቃጭን ልጅ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንበል። በአገራችን ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው «ቡዳ» እያለ ከማዕዱ የሚያርቅ ሰው ሞልቶ ኖሯል። የአዝማሪውን ዘፈን እየወደደ አዝማሪውን የሚንቅም እንዲሁ። ስንት ዕቃ ሳይሠራ ቀርቶ ይሆን?

የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታር ሠሪዎችም የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። በአሜሪካ ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር በ1932 ለገበያ ያወጡት ጊታር ከአልሙኒየም የተሠራ ነበር። ክብ ሆዱና ረጅም አንገቱ መጥበሻ ስለሚመስል ስሙ «መጥበሻ» ተባለ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሌኦ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም ነበር ይባላል። በ1951 ያወጣው ቤዝ ጊታር ግን የሙዚቃን ነገር ለወጠው። ቤዝ አራት ወፍራም ክሮች አሉት፤ ዝቅተኛው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ብቻ ይንቀጠቀጣል። በዘፈን ውስጥ ደረታችንን የሚነካን እሱ ነው።

እኛን ለሥራው ያነሣሣን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብራያን ሜይ የሚባል እንግሊዛዊ ልጅ በ1963 የ16 ዓመት ወጣት ሳለ ጊታር መግዛት አልቻለም። ከአባቱ ጋር ሆኖ በቤታቸው ሠራ። ለአንገቱ የአሮጌ ምድጃ ክፈፍ የነበረ እንጨት ተጠቀመ። ለጊታሩ የሚያስፈልገውን ሞላ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት አወጣ። የእናቱን የልብስ ቁልፎች ለአንገቱ ምልክት አደረጋቸው፤ የሹራብ መሥሪያዋንም ጫፍ ወሰደባት። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ፒክአፕም ራሱ ጠምጥሞ ነበር፤ ድምፁ ስላላስደሰተው በኋላ ገዛ። ይህ ልጅ ኋላ ኩዊን በተባለው ስመ ጥር የሙዚቃ ቡድን ውስጥ በዚያው ጊታር ዓለምን ዞረ።

አሁን ወደ እኛ ስሕተት እንመለስ። የመጀመሪያውን አንገት የሠራነው ከባሕር ዛፍ ነው። በለገጣፎም ሆነ በሱሉልታ፣ በቡራዩም ሆነ በሰበታ ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። አለስልሰን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ ክር ወጠርንበት። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ቀንድ ተጠመዘዘ። ሽማግሌው አይተው ሣቁብን። «ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ያምፃል። እኔ ለቀንበር እንኳ የማላደርገውን እናንተ ለዚህ አደረጋችሁት?» አሉን። እውነታቸውን ነው። የስድስቱ የብረት ክሮች ጉተት ቢደመር 45 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ይህም ግማሽ ኩንታል እህል ሌት ተቀን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደማደር ነው። የቤዙማ ከ70 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ በአንገቱ ውስጥ ቦይ ተቦርቡሮ የብረት ዘንግ ይቀበርበታል። ዘንጉ በብሎን ሲጠብቅ ጉተቱን ይመክታል።

ለዋናው አካል ዋንዛ ተመኘን። ዋንዛ፣ በአካባቢው አጠራር ዋደሳ፣ ቀላል ነው፤ ለመሮም ይመቻል፤ ከበሮና ገበቴ የሚፈለፈልበትም ለዚህ ነው። ግን ዋንዛ እንደ ድሮው አይገኝም። በ1994 የወጣ የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ለአንድ ጊታር ብሎ አንድ ዛፍ መጣል ደግሞ ለእኛም አልታየንም። ሽማግሌው ከጎተራቸው ሥር የተሰነጠቀ የዋንዛ በር አወጡልን። ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ጢስ የጠገበ፣ አጥንት የመሰለ ደረቅ እንጨት ነበር። ያ በር እስከ ዛሬ አልተጠመዘዘም።

ሒሳቡም አታልሎናል። በጊታር አንገት ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ጣት በየብረቱ መካከል ሲጫን ክሩ ያጥራል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ብረቶቹ የሚቀመጡበት ርቀት እንዲህ ይገኛል። የክሩ ርዝመት 64.8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለ17.817 አካፍሉት፤ 3.64 ይወጣል። የመጀመሪያው ብረት ከላይ 3.64 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይቀመጣል። የቀረው 61.16 ነው፤ እሱንም ለ17.817 ስታካፍሉ 3.43 ይሆናል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ 12ኛው ብረት ልክ በክሩ ግማሽ፣ በ32.4 ላይ ይውላል። እኛ እያንዳንዱን ብረት ከፊተኛው ብረት እየለካን ሄድን። የፀጉር ያህል ስሕተት በስሕተት ላይ ተደራርቦ 12ኛው ብረት ሦስት ሚሊ ሜትር አለፈ። ጊታሩም እንደ ታመመ ሰው ጮኸ። ሁሉም መለካት ያለበት ከአንድ ቦታ፣ ከላይኛው ጫፍ ነው። ማሳን በአጭር ገመድ እየቆራረጠ የለካ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ክራር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ብረት የለውም፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይቃኛል። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲኬድ ግን ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። በጊታር አራቱንም ቅኝት መቃኛ ሳይነኩ መጫወት ይቻላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተታችን ኤሌክትሪኩ ላይ ነበር። ፒክአፑ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው፤ ሕፃንም ቢነካው አይጎዳም። ግድግዳው ውስጥ ያለው 220 ቮልት ግን ሰው ይገድላል። የጊታሩ ክሮች በሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። እኛ በርካሽ ያገኘነው አሮጌ አምፕሊፋየር የመሬት ሽቦው ተቆርጦ ነበር፤ ልብ አላልንም። አንድ የክረምት ማታ ጓደኛችን በባዶ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ክሩን ሲይዝ እጁ እዚያው ቀረ። መጮኽ እንኳ አልቻለም። ከእኛ አንዱ ሊይዘው ሲሮጥ ሌላው ገፍቶ ከለከለውና ሶኬቱን ነቀለ። እግዚአብሔር አወጣው፤ መዳፉ ግን ተቃጥሏል። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሁለት ሰው ማጣት ነው። ሶኬቱን መንቀል፣ ካልተቻለም በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከላዩ ማራቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ አምፕሊፋየር ነው የምንጠቀመው። መብራት ባልገባበት ቀበሌም ቢሆን ያገለግላል።

ታዲያ ክራሩስ ኤሌክትሪክ ሊሆን አይችልም ወይ? ይችላል፤ ሆኗልም። ሙላቱ አስታጥቄ በ2008 ገደማ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም ክራርን በአዲስ መልክ ስለ ማሻሻል ሠርቷል። ሎንዶን የሚገኘው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድንም በ2012 ባወጣው አልበም በኤሌክትሪክ የጎላ ክራር አሰምቷል። ወፍራም ክር ያለው ቤዝ ክራርም አለ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ክራር ይዘው መጡ። ክሩ ናይለን ነበር። ማግኔት ናይለንን አያውቀውም፤ ጅማትንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ብረትን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለግን። በሚጮኽ የእጅ ሰዓትና በልጆች መጫወቻ ውስጥ የምትገኝ ሳንቲም የምታክል ክብ ናስ አለች፤ ስትንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። እሷን ከቆዳው ጋር በኮላ አጣበቅናት። ክራሩ ጮኸ! ግን የክሩን ብቻ ሳይሆን የእጃቸውን ማኸክ፣ የእጅጌያቸውን መታከክ ሁሉ አብራ ታወራለች። «ይቺስ ወሬኛ ናት» አሉ።

ያን ዕለት ዝናብ ስለ ነበረ ቆዳው ረግቦ ድምፁ ወርዶ ነበር። ሽማግሌው ሽቦውን ነቅለው ክራራቸውን ወደ ምድጃው አስጠጉ፤ ቆዳው ሲሞቅና ሲወጠር ትዝታ ቃኙና የእኛን ቤዝ ተከተሉን አሉን።