ስህተትን ፈርቶ መቅረት

ብዙዎቻችን ቁርኣን መቅራት እንመኛለን። ግና «በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ብሳሳት ምን ይሉኛል?» እያልን ረመዳን መጥቶ ረመዳን ይሄዳል።

እስቲ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የዚህች የአርጎባ ከተማ ገበያ በቅፍለት ነጋዴዎች የታወቀ ነበር። ነጋዴዎቹ ከታጁራ ወደብ ተነስተው የአፋርን በረሃ ያቋርጡ ነበር። ጥሙም ዘረፋውም ያስፈራል። ስጋቱ እስኪጠፋ ቢጠብቁ ኖሮ ጨው ሸዋ ባልደረሰ። በቡድን ሆነው፣ ውሃ ይዘው፣ መንገድ የሚያውቅ አስቀድመው ተጓዙ። ፍርሃቱ እንዲዘጋጁ አደረጋቸው እንጂ አላስቀራቸውም።

የእኛስ? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ቁርኣንን እየከበደው እየተንተባተበ የሚያነብ ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። እኛ የምናፍርበት መንተባተብ አላህ ዘንድ ዋጋ አለው ማለት ነው። ይህ ለግድየለሽነት ፈቃድ አይደለም። ነገር ግን ስህተት የሚታረመው ከሚያውቅ ሰው ፊት ሲሰማ ብቻ ነው፤ የደበቅነው ስህተት አብሮን ያረጃል።

ስለዚህ ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ፋቲሓን ለኡስታዝ እናሰማ። ኡስታዝ ካልተገኘ መድረሳ የሚማረው ልጃችን ያርመን። ልጅ አባቱ ሲታረም ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። ነገ ደግሞ አንድ አንቀጽ እንጨምር፤ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው ነውና።

አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።