ስለ ትንሿ በቀቀን መታጠቢያ ውሃ

ትንሿ በቀቀን መታጠቢያ ስታጣ ከመጠጫዋ ጋር ትግል ትገጥማለች። ራሷን እስከ አንገቷ ነክራ ታወጣና ክንፎቿን ታርገበግባለች፤ ኩባያው ግን ከደረቷ የጠበበ ስለ ሆነ ጀርባዋ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳያገኝ የሽቦ ቤቷ ወለል ብቻ ይርሳል። ይህን አይቶ ውሃውን በከንቱ ደፋችው ብሎ የሚቈጣ ባለቤት ይሳሳታል፤ በአንደበት መናገር ያልተቻላትን በግብር መግለጧ ነውና።

ጥንድ ጥንድ ሆና ተጠጋግታ መቀመጥ ስለምትወድ ፈረንጆች «የፍቅር ወፍ» የሚሏት፣ ሊቃውንትም በጽርእ ቋንቋ ፍቅር ከሚባለው «አጋፔ» እና ወፍ ከሚባለው «ኦርኒስ» አገናኝተው አጋፖርኒስ ያሏት ይህች ፍጥረት፣ ዘጠኝ ዓይነት ስትሆን ስምንቱ በአፍሪካ ምድር፣ አንዱ በማዳጋስካር ደሴት ይኖራሉ። ከስምንቱም አንዱ የእኛው የደጋ ወፍ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1814 ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው በሚያወጣው በታራንታ መተላለፊያ ስም የተጠራ፣ የጽድና የሾላ ፍሬ የሚለቅም፣ በአዲስ አበባ ዛፎች ላይ ሳይቀር የሚታይ፣ ወንዱ በቀይ ግንባሩ ከሴቷ የሚለይ ነው። በሰው ቤት በብዛት የምትረባው ግን ፊተ ቀዪቱ፣ የናሚቢያና የአካባቢው ደረቅ ምድር ተወላጅ ናት፤ አገሯ በረሃ ይሁን እንጂ ከውሃ ርቃ አትኖርም፣ ዕለት ዕለት እየተመላለሰችም ትጠጣለች።

ወፊቱ የምትታጠበው እድፍ ለማስለቀቅ ብቻ ከመሰለን የነገሩ ምሥጢር ያመልጠናል። አንድ የወደቀ ላባ አንሥታችሁ ወደ ብርሃን ብትይዙት፣ ከመካከለኛው ዘንግ ግራና ቀኝ የወጡ ቀጫጭን ዘርፎች ታያላችሁ፤ ከየዘርፉም ከእነርሱ የሚቀጥኑ ሌሎች ወጥተው በጥቃቅን መንጠቆዎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። መንጠቆዎቹ ሲላቀቁ ላባው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ብርድ ይገባል። ውሃው ትቢያውን አስለቅቆ ላባውን ሲያለዝበው ወፊቱ በምንቃሯ አንዱን ላባ ከሌላው እያስከተለች ትስባለች፤ የተላቀቀውም ተመልሶ ይገጥማል፤ ከጅራቷ ሥር ባለችው እጢ የሚወጣውንም ቅባት ትቀባዋለች። እንግዲህ ውሃው መሣሪያ፣ ሠራተኛዋ ራሷ ናት፤ በሳሙና የሚያጥባት ሰው ይህን ቅባት ገፎ፣ ከ50 ግራም ብዙም የማይርቀውን፣ ሙቀቱ ግን 41 ዲግሪ ያህል የሆነውን ገላ ለብርድ ያጋልጣል።

ስለዚህ ውሃው ንጹሕና ለብ ያለ፣ ሳህኑም ከባድ፣ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። እኔ መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ የብረት ጎድጓዳ ሳህን አቅርቤ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከሩቁ አንገቷን እያዘነበለች ተመለከተችው እንጂ አልቀረበችውም። በሦስተኛው ቀን ታጥቦ ውሃው ያልተራገፈ የሰላጣ ቅጠል ባኖርላት ደረቷን አጣብቃ፣ ቀጥሎም በጎኗ እየተንከባለለች ጀርባዋ እስኪርስ ድረስ ተሻሸችበት። በዱር የሚኖሩ በቀቀኖችም ዝናብ ባረሰው ቅጠል ውስጥ እንዲሁ ያደርጋሉ። በመርጫ የሚያጥባትም ሰው ፊቷን ትቶ ከበላይዋ እንደ ካፊያ ያውርድላት።

መታጠቢያዋ ከጠዋት እስከ ቀትር ይሁን፤ ላባዋ ሳይደርቅ ሊመሽባት አይገባም። የጸጉር ማድረቂያ ግን አይሞከር፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ቴፍሎን ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ለአዕዋፍ ሳንባ ገዳይ ነው።

የሚጠጣው ውሃ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ምግቧን የምትነክርበት፣ ኵስም የሚወድቅበት ነውና በየቀኑ መለወጥ አለበት፤ የኩባያውን ውስጥ በጣት ሲዳስሱት የሚያሙለጨልጨው ነገር የባክቴርያ ማኅበር ስለ ሆነ፣ ውሃ መጨመር ብቻ አይበቃም፣ ተፍቆ መታጠብ ይገባዋል።

እንቁላል የታቀፈችቱ ደግሞ፣ አርቢዎች እንደሚናገሩት፣ ፈጥና ወጥታ ሆዷን አርሳ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች፤ ርጥበቱንም ለእንቁላሎቿ ታደርሳለች። በዚያ ወራት፣ ወለሉ ረሰረሰ ብሎ ሳህኑን ከፊቷ ማንሣት አይገባም።