ወላጅ የሌለ ነገር ሲያይ፦ ስለ መርሳት በሽታና ስለ ቁም ቅዠት ተረትና እውነታ

ዲሜንሺያ በተለምዶ «የመርሳት በሽታ» ቢባልም፣ ትውስታን ብቻ ሳይሆን ማሰብን፣ መናገርን፣ የጊዜና የቦታ ግንዛቤንም የሚያዛባ የአንጎል ሕመም ነው። ከምልክቶቹ መካከል አስታማሚን እጅግ የሚያስደነግጠው የቁም ቅዠት፣ ማለትም የሌለን ነገር እንዳለ አድርጎ ማየት ወይም መስማት ሲሆን፣ በዚህ ዙሪያ የተለመዱ አራት አስተሳሰቦች ሊታረሙ ይገባል።

ተረት፦ «እርጅና ነው፤ ሰው ሲጃጅ ይቀባዥራል።»
እውነታ፦ እርጅና በራሱ በሽታ ስላልሆነ የቁም ቅዠት ምክንያቱ ሊፈለግለት ይገባል። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪትዝ ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጻቸው የፕሮቲን ክምችቶች በአንጎል ሕዋሳት ውስጥ ሲጠራቀሙ በሚከሰተው በሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ፣ ሕመምተኛው ገና ከጅምሩ ሕፃናትን፣ እንግዶችን ወይም እንስሳትን ጥርት አድርጎ ሊያይ ይችላል። በደብዛዛ ብርሃን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ሰው መስሎ ሲታይ ግን፣ ያለን ነገር በስህተት መተርጎም እንጂ ቅዠት አይደለም፤ መፍትሔውም መብራትን ማብራት፣ መነጽርን ማድረግና የዓይን ሞራን ማስመርመር ሊሆን ይችላል።

ተረት፦ «የመንፈስ ሥራ ነው፤ ሐኪም አያውቀውም።»
እውነታ፦ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የጀመረ ወይም የባሰ ቅዠት አብዛኛውን ጊዜ ዴሊሪየም የተባለው አጣዳፊ የአእምሮ መምታታት ምልክት ነው፤ መንስኤውም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ምርመራ ይፈልጋል። ጸሎትና ጠበል ቤተሰቡን ቢያጽናኑም፣ ሕክምናን ለማዘግየት፣ መድኃኒትን ለማቋረጥ ወይም ደካማውን ሰው ከውኃና ከምግብ ለመከልከል ምክንያት ሊሆኑ አይገባም።

ተረት፦ «የሚያዩት ሐሰት መሆኑን አጥብቆ ማስረዳት ይገባል።»
እውነታ፦ ሕመምተኛው የሚያየው ለእርሱ እውን በመሆኑ ክርክር ፍርሃቱንና ቁጣውን ያባብሳል፤ የሌለውን አለ ብሎ ማጽደቅም ቅዠቱን ሊያጠናክር ይችላል። ልጅ እናቱን «እማዬ፣ እኔ አይታየኝም፤ እንደፈራሽ ግን ገብቶኛል፤ አጠገብሽ ነኝ» ብሎ ማጽናናቱ፣ ከዚያም እጇን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደምትወደው ሥራ መውሰዱ ይበልጥ ያረጋጋል። ቅዠቱ የማያስፈራትና ለአደጋ የማይዳርጋት ከሆነም ሁልጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ተረት፦ «የሚያደነዝዝ መድኃኒት ቢሰጥ ችግሩ ያበቃል።»
እውነታ፦ ሳይኮሲስን፣ ማለትም እንደ ቁም ቅዠት ያለ ከእውነታ መለያየትን፣ ለማከም የሚሰጡ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለ አዲሶቹ በ2005፣ ስለ ነባሮቹ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በተለይ በሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት ሰውነትን ሊያገትሩ፣ ንቃትን ሊያሳጡ፣ ሕይወትንም ሊያጠፉ ስለሚችሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ስለዚህ ወላጅ የሌለ ነገር ሲያይ የአስታማሚ ቀዳሚ ተግባር ቅዠቱ መቼ እንደጀመረ፣ በምን ሰዓት እንደሚብስና የትኞቹ መድኃኒቶች እንደሚወሰዱ መዝግቦ ለሐኪም ማቅረብ ነው።