የጋሪ ፈረስን ሰውነት ስለ ማሸት

በጅማና በአጋሮ ሰውና የቡና ጆንያ በጋሪ ሲጎትት የዋለ ፈረስ ማታ የሚያስፈልገው ገብስና ውሃ ብቻ አይደለም። የጋሪው ዕቃ እንደ ወለቀለት ባለጋሪው ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ታፋው ድረስ፣ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ በመዳፉ በዝግታ ቢያሸው የደከመው ጡንቻ ይላላል። ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለ። የሚያተኩሰውን፣ ያበጠውን፣ ሲነካም ፈረሱ የሚሸሸውን ስፍራ እጅ ከዓይን አስቀድሞ ያገኘዋል፤ እንግዲህ ቆዳው ሳይቆስል ድልድሉን ማስተካከል ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማሸት ወሰን አለው። ሂስቶፕላዝማ የተባለው ሻጋታ የሚያመጣው የሊምፍ ቧንቧ በሽታ በአገራችን በይበልጥ የሚገኘው ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሞቃትና እርጥበታማ ቦታዎች ነው፤ ጅማም ከነዚሁ መካከል ናት። በሽታው በቁስል በኩል ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል። ስለዚህ የቆሰለ ወይም እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት የወጣበት ፈረስ አይታሽም፤ ለእንስሳት ሐኪም ይታያል። ጨርቅና ድልድልም አይዋዋስም፤ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው ሲታለፍ እጅ በሳሙና ይታጠባል። አለዚያ ለማሳረፍ የተዘረጋው እጅ ራሱ በሽታ አመላላሽ ይሆናል።